ላልቶ ሲነበብ

መዶሻ ከበሮ ይመታል ቢሏችሁ እንዳታምኑ፤ ይደበድባል እንጂ። ሙያው ብየዳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ይከርምና ቅዳሜ ከሰዓት እጁ ገና ሳይበርድ ከበሮው ላይ ይወጣል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት ቆዳ ቀዷል፤ የራሱን አውራ ጣት ሁለት ጊዜ ሰብሯል። አንድ ጊዜማ መድረክ ላይ ሳለ «ኧረ ዝቅ አድርገው፣ አደነቆርከን!» ያለውን ሰካራም ወርዶ ሁለት ጥርሱን አራግፎለት ተመልሶ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ። ታዳሚው የዝግጅቱ አካል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ።

ባንዱ በጠቅላላ ሦስት ሰው ነው። አንድ ጋዜጣ «ኒዮፎልክ» ብሎ ጽፎላቸዋል፤ እነሱ ግን «የድሮ እንጉርጉሮ በአዲስ ጉልበት» ይሉታል። የምትዘፍነውና ጊታር የምትጫወተው ቲቸር ናት። ቀን ቀን ቋንቋ ታስተምራለች፤ የሰው ሰላምታ እንኳ ሳታርም አታልፍም። አኮርዲዮኑን የሚይዘው ትንፋሽ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከመዶሻ ጋር አንድ ሱሪ እየተቀያየሩ ያደጉ ናቸው ማለት ይቻላል። ሱሪውን የሚሰፉት ደግሞ የትንፋሽ አባት ነበሩ። እሳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል።

የሚለማመዱትም ከጋሼ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። በሦስቱ ግድግዳ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣራው ተደርድሯል፤ ሱፉ፣ ካኪው፣ ገበሩ። ድምፅ ገብቶ አይወጣም፤ ለዚህ ነው ጎረቤት ከስሶ የማያውቀው። ከፊት ለፊቱ ክፍል የምትለየው በመጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ጋሼ ስፒል በጥርሳቸው ነክሰው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። እነዚያ ሦስቱ ቢጮኹ፣ ቢሰዳደቡ፣ ቢደባደቡ መኪናዋ አታቆምም።

መዶሻ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው አባቱን ሜዳ ላይ ወግተው የጣሉት። ማን እንደወጋው አልታወቀም። እናቱ ሌላ ባል አግብታ አገር ቀይራ ሄደች። ያሳደገችው የአባቱ እህት ናት፤ እትዬ ይላታል። ጋሼ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል «ና እስቲ አንተ ወጠምሻ» ብለው ይጠሩትና ቁመቱን ይለኩት ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ሜትሩ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ፣ «ጋሼ፣ እኔ ሳድግ አባቴን የገደለውን ሰውዬ እገድለዋለሁ» አላቸው። «ቀጥ ብለህ ቁም፣ ሱሪው ይጣመምብሃል» አሉት። አድጎም ያንኑ ይል ነበር፤ በሠላሳ አራት ዓመቱም ያንኑ ይላል። ሌላ ሰው ሲሰክር የሚወዳትን ሴት ስም ያነሳል፤ እሱ ሲሰክር ስሙን የማያውቀውን ሰው ይረግማል።

የባንዱ ስም የተነሳው በዚሁ ጉዳይ በተሠራ ዘፈን ነው። ግጥሙን የጻፈችው እትዬ ናት። እትዬ ጆሮዋ አይሰማም፤ መዶሻ ልብ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ እንደዚያው ናት። «በሽታ ነው» ትላለች፤ እሱም ከዚያ በላይ ጠይቋት አያውቅም። ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ትጠርዛለች። ማሽኑ ሌላውን ሠራተኛ ሲያሳብደው እሷ ተረጋግታ ትሠራለች፤ «ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ» ብላ በራሷ ትቀልዳለች። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከማተሚያ ቤቱ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ «ለአባትህ ነው። ዜማ አውጡለት» ብላ ሰጠችው። ከግጥሙ መካከል አገር ያወቃት ስንኝ ይህች ናት፤

ወንድሜ ወንድሜ ቤት የማይውለው፣
ሰፊው ሜዳ ላይ ነው ወግቶ የጣለው።

ማን? መዶሻ በየመድረኩ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ የሚጠይቀው ግን በአፉ አይደለም። «ሰፊው» ሲባል «ፊ»ዋ ላይ በሙሉ ኃይሉ አንድ ያሳርፍባታል። «ጣለው» ላይ ሦስት ይደግማል። እያንዳንዷ ምት ለዚያ ለማይታወቅ ሰውዬ የተላከች ነበረች። እትዬም ከመድረኩ ሥር ቆማ፣ መዳፏን ጣውላው ላይ አድርጋ፣ የቲቸርን ከንፈር እያየች በእጇ ትሰማ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ አዲስ አልበም ሊሠሩ ነው፤ የድሮውን ዘፈንም አድሰው ሊያስገቡት ነው። ቲቸር ጊታሯን እየቃኘች ነገሩን አነሳችው።

«እኔ የምለው፣ ይሄ ዘፈን አርጅቷል። ጩኸት በዛበት። ከበሮው ይውጣ።»

«ምን ይውጣ?» አለ መዶሻ።

«ከበሮው።»

«እኔ ልውጣ ነው የምትዪው?»

«አንተ ተቀመጥ፣ ከበሮው ይውጣ አልኩ። ሙሾ እኮ ነው! በሙሾ ላይ ብረት ይቀጠቀጣል እንዴ?»

መዶሻ የተቀመጠባትን ዱካ በእግሩ ሲላት ሄዳ ግድግዳው ሥር የቆመውን የካኪ ጣቃ ገነደሰችው። የከበሮውን ዱላ ወረወረው፤ በትንፋሽ ጆሮ ግንድ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። «የአባቴ ዘፈን ነው! የአባቴ! እናንተ አባታችሁን ማንም አልወጋባችሁም!» ብሎ ጮኸ። ቲቸር ቅንድቧ አልተነቃነቀም፤ አርባ ስምንት ተማሪ ያለበት ክፍል የምታስተምር ሴት በአንድ መዶሻ አትደነግጥም። ትንፋሽ ዱላውን አንስቶ አቀበለውና «አንዴ ብቻ እንሞክረው» አለ። «ካልጣመህ ይቀራል፤ በሞቴ።»

በሞቴ ካለው ምን ያድርግ? መዶሻ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ቀብሮ ተቀመጠ። እጁ ሥራ ሲፈታ እንዲያ ካልቀበረው አያምነውም።

ትንፋሽ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ አኮርዲዮኑን በቀስታ ይስበው ጀመር። ቲቸር ጊታሯን ነካ ነካ አደረገችና ገባች። ያለ ከበሮ ዘፈኑ ሌላ ነገር ሆነ፤ አንዲት ሴት እቤቷ ብቻዋን ሆና የምትናገር ይመስላል። ቲቸር «ወንድሜ ወንድሜ ቤት የማይውለው» አለች። ቀጠለችና፣ የሚያጠብቅላት ከበሮ ስለሌለ አፏ እንደቀናው ሄደ፤ «ሰፊው ሜዳ ላይ ነው» ስትል «ፊ»ዋን አላላቻት።

ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች።

ቲቸር ሳቋ መጣና ዘፈኑን አቆመች። «ውይ! አላላሁት! ሰምታችኋል? ሲጠብቅ ሜዳው ነው ሰፊ። ሲላላ ግን ልብስ ሰፊው ሆኖ ቁጭ አለ! ልብስ ሰፊው፣ ሜዳ ላይ ነው ወግቶ የጣለው! በሉ እንግዲህ፣ ገዳዩን አገኘንላችሁ!» እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቲቸርን የሚያህል የለም፤ ስትጠብቅ አንድ ስትላላ ሌላ የምትሆነዋን «ዋና» እየደጋገመች ተማሪዎቿን ስታሳስቅ ነው የምትውለው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ማጥበቅና ማላላቱ የአፍ ሥራ ነው። ከንፈር ላይ ደግሞ ሁለቱ አይለዩም።

ማንም አልሳቀላትም። ትንፋሽ አኮርዲዮኑን መሳቡን ረስቶት ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

«ቲቸር» አለ መዶሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ እሱ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ወረቀቱን ያመጣሁ ቀን መጀመሪያ እንዴት ነበር ያነበብሽው?»

«እ? ... አላልቼ መሰለኝ። አዎ፣ አላልቼ። ከዚያ ጋሼ ናቸው ከበር ላይ ሆነው 'ጠበቅ አድርጊው የኔ ልጅ፣ ሜዳው ነው ሰፊ' ብለው ያረሙኝ። እኔን! የቋንቋ አስተማሪዋን! እንዴት እንደሳቅን አታስታውስም እን—» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

መዶሻ እጆቹን ከጭኑ ሥር አወጣ።

መጋረጃውን ሲገልጠው ጋሼ ከመኪናዋ ተነስተው መቁረጫው ጠረጴዛ ዘንድ ቆመዋል። አንድ ጥቁር ኮት እጅጌው ሳይገባለት በፊታቸው ተዘርግቷል፤ በጠመኔ ተሰምሯል። ካውያው ከጎን ግሎ እንፋሎቱን ይተፋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ስፒሎቹም በጥርሳቸው መካከል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያቺ ቃል ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?»

ሽማግሌው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። አምስት ነበሩ። አምስቱንም ኮሌታው ላይ ሰኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ እንዳይሰበር ነው መሰለኝ።

«ትላላለች» አሉ።

በሕይወቱ ሙሉ እርስዎ ሲላቸው የኖረውን ሰው መዶሻ ያን ጊዜ «አንተ» አለው። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያው ቡጢ አፍ ላይ አረፈ። ጋሼ ከነጠረጴዛው ወደ ኋላ ሄደ፤ ሁለተኛው አገጩን፣ ሦስተኛው የዓይኑን ጠርዝ አገኘው። ያው መዶሻ ነው፤ አቆጣጠሩ እንኳ የከበሮ ነበር፤ አንድ ከባድ፣ ሦስት ተከታታይ። ሽማግሌው እጁን አላነሳም። ሁለት እጁን ጎንና ጎኑ ላይ ቀጥ አድርጎ፣ ቁመት እንደሚለካ ሰው ቆሞ ነው የተመታው፤ ሲወድቅም እጁ ወደፊት አልተዘረጋም። ይሄ መዶሻን ይበልጥ አሳበደው። የሚመልስ ሰው ቢሆን ምናልባት ቶሎ ይበቃው ነበር። «ምታኝ! ምታኝ እንጂ! አባቴን ወግተህ የለ? ምታኝ!» እያለ ከወደቀበት በኮሌታው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አንጋለለው። በሽማግሌው ትከሻ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ሲል በእጁ ተሰማው።

ትንፋሽ ከኋላ መጣበት። እሱ ቀጭኑ፣ ዝንብ የማይገድለው ትንፋሽ፣ የመዶሻን አንገት በክንዱ ቆልፎ ጆሮውን ነከሰው። መዶሻ በክርኑ ጎድኑን ሲለው ወደ መስተዋቱ በረረ፤ ደንበኛ ራሱን የሚያይበት ትልቁ መስተዋት ላዩ ላይ ወረደ። ከመስተዋቱ ስብርባሪ መካከል ግንባሩ ተተርትሮ እንደገና ተነሳ። እንደገና መታው። እንደገና ተነሳ። «አባቴ ነው! አባቴ ነው እኮ አንተ!» ይላል። «የእኔስ?» ይላል ያኛው። ቲቸር የሜትር እንጨቱን አንስታ መዶሻን ጀርባው ላይ እስኪሰበር ወቀጠችው፤ አልተሰማውም። «የሰው ያለህ! ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ወደ መንገዱ ጮኸች።

መዶሻ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ከጠረጴዛው ላይ አገኘው። ጫፉን የጋሼ ጉሮሮ ሥር፣ ያቺ ጎድጓዳ ላይ ደቀነው። ቆዳው ትንሽ ተበሳና ደም ወደ ሸሚዙ ወረደ።

«ለምን ገደልከው?»

ጋሼ ያበጠ አፉን ከፍቶ «እሱን ከእኔ አትሰማም» አለ።

«ለምን አልኩህ!»

«ጨርሰው ልጄ። ምክንያቱን ግን ከእኔ አትሰማም።»

ከዚህ በላይ ሊጠይቀው ጊዜ አላገኘም። ጎረቤቱ ሥጋ ቆራጭ ከነሽርጡ፣ ጫማ ሰሪውም ከነሙጫ እጁ ዘለው ገብተው ከላዩ አነሱት። ሥጋ ቆራጩ ወይፈን በአንድ እጁ የሚያጋድም ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለት እጁም አልበቃውም። ጋሼ ከወለሉ ላይ ሆኖ ደሙን እየዋጠ «ተዉት! ፖሊስ እንዳትጠሩበት!» ይላል። ፖሊስ እንዳትጠሩበት! ይሄን ሲሰማ መዶሻ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፤ ሥጋ ቆራጩን በጭንቅላቱ አፍንጫው ላይ ብሎት አመለጠ። በሩ ላይ ዞር ብሎ መቀሱን አሳያቸው።

«እትዬን ጠይቄ እመለሳለሁ። ከአፏ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ።»

«ና!» አለ ትንፋሽ፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። «ና እንጂ! እዚሁ ነኝ!»

የእትዬ ቤት ሦስት መንገድ አልፎ ነው። መዶሻ መቀሱን ጨብጦ፣ ጆሮው እየደማ፣ በጠራራ ፀሐይ መሀል መንገዱን ይዞ ሲሄድ ያየው ሁሉ ጥጉን ያዘለት። በልቡ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ሰው እንደሚገድለው ያውቃል፤ ይህን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል። ግን ያ ሰው ሱሪውን የሰፋለት ሰው ሆኖ ተገኘበት። እትዬ «አዎ፣ ሂድ» ካለችው እጁ አያመነታም ብሎ ነው የሮጠው። ጉዳዩ ይሄው ነበር፤ ከእሷ አፍ የምትወጣ አንዲት «ሂድ»።

እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ የተማሪ መጻሕፍት ከምራ ሙጫ እየቀባች አገኛት። እጁን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ መቀሱን አየች። ብሩሹን አስቀመጠች። አፉን ከፍቶ ሊናገር ቢሞክር ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገራት እንደ ልማዳቸው ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ገፋ አደረገችለት። ጻፈ። እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው። «ሰፊው ነው የገደለው?» ይላል።

እትዬ ጮክ ብላ አነበበችው። ድምፅዋን ስለማትሰማው ወይ ትጮሃለች ወይ ታንሾካሹካለች፤ መካከል የላትም። «ሰፊው» ስትል አላልታ ነው። እንደዚያ ከመባል በቀር ሌላ መንገድ መኖሩንም ያሰበች አትመስልም።

«አዎ» አለች። «ምን ነካህ? የምታውቀውን?»

ራሱን ነቀነቀ። አላውቅም።

«እንዴት አታውቅም? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱ ቆማችሁ እየዘፈናችሁበት? በገዛ ቤቱ?» እትዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እኔ አውቀህ ይቅር ያልከው ነው የመሰለኝ። በየሳምንቱ ትነግረዋለህ፣ እሱም ይሰማሃል፣ ደግሞ ልብስህን ይሰፋል። እኔ ጽፌ የሰጠሁህ እንዲዘፈንበት ነው፤ ሲዘፈንበትም አየሁ። ወንድ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ነበር እኮ የኮራሁብህ።»

መዶሻ እንደገና ጻፈ። «ደብድቤዋለሁ። ልጨርሰው?»

ይህን ስታነብ ፊቷ አመድ ሆነ። ወረቀቱን ጨመደደችው። «ምን አደረግከው? ምኑን መታኸው? ይተነፍሳል?» እያለች ቤቱ እስኪናጋ ጮኸች። እሱም በጣቱ ጠረጴዛውን ወቀረው፤ መልሺልኝ። ልጨርሰው ወይስ?

«ጆሮዬን ማን የወሰደው ይመስልሃል?» አለች፤ አሁን ደግሞ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። «በሽታ አልኩህ፤ ዋሸሁህ። አባትህ ነው። ከዚያ ሰው ጋር አየሁሽ አለኝ። አላየኸኝም ብለው ኖሮ ይቀር ነበር፤ እወደዋለሁ አልኩት። በሁለት መዳፉ ግራና ቀኝ አጨበጨበብኝ። አንዴ አይምሰልህ። ደሙ በአንገቴ ሲወርድ ይሞቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም ዝም አለ። ቢላውን ሲያነሳ ከንፈሩን አየሁት፤ 'አሁን የእሱ ተራ ነው' አለ። በሕይወቴ ከከንፈር ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ተከትዬ ሮጥኩ። ሜዳው ላይ ደረሰበት። እሱ ቢላ ይዟል፣ ያኛው ከሥራው ላይ ስለመጣ መቀስ ይዟል። በቃ። ወንድሜ ነው፤ አለቀስኩለት። የወጋውም ማን እንደሆነ ጻፍኩ። ምክንያቱን ለማንም እንዳይናገር ያስማልኩትም እኔው ነኝ፤ አባትህን በክፉ እንድታስበው አልፈለግሁማ።»

«ውሸት!» አለ መዶሻ። እንደማትሰማው ረሳ። «ውሸት ነው! ውሸታም!» አባቱ እኮ ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው፤ ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለቀሰለት አባቱ ነው። እጁ ከትከሻው በላይ ተነሳ፤ ራሱ ተነሳ፣ ሲያነሳው አላወቀም።

እትዬ አልሸሸችም፤ ፊቷንም አልከለለችም። ዓይኗን ጨፍና ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ግጥም አድርጋ ያዘች።

ምንም የማይሰሙ ጆሮዎች! ሌላ ሰው ሊመቱት ሲመጡ ፊቱን ይሸፍናል፣ ጭንቅላቱን ያቅፋል። እሷ ጆሮዋን ያዘች። ይህችን አንዲት ነገር ማንም ሊዋሽ አይችልም፤ መዶሻም ያን ጊዜ አመናት። የተነሳው እጁ ግን ባዶውን አልተመለሰም፤ ጠረጴዛው ላይ ወረደና የጣውላውን ጫፍ ገነጠለው፤ የሙጫው ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ተደፋ። እትዬ ዓይኗን ስትከፍት መቀሱ መጻሕፍቱ ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻም አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነው።

አላባበለችውም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ዝግ ጫማ አደረገች። «ተነስ» አለች። «ውሰደኝ ወደሱ።»

መንገዱን እሷ እየመራች ሄደች። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን ስፌት ቤት ደጃፍ ረግጣው አታውቅም፤ ስታልፍ ማዶውን ይዛ ነው የምታልፈው። ዛሬ ግን መሀሉን ይዛ ሄዳ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ጋሼ ወለሉ ላይ በተዘረጋው ጥቁር ኮት ላይ ተጋድመዋል፤ ከራሳቸው ሥር የተጣጠፈ ገበር ተደርጎላቸዋል። አንዱ ዓይናቸው ተደፍኗል፣ ክንዳቸው ያለ ቦታው ተንጠልጥሏል፤ ይተነፍሳሉ ግን። ቲቸር ሐኪም ልታመጣ ሮጣለች። ጎረቤቶቹ ከበሩ ውጭ ቆመዋል።

ትንፋሽ በሩ አጠገብ ካውያውን በእጀታው ይዞ ቆሞ ነበር። ገመዱ ተነቅሎ ይጎተታል። «እንዳትጠጊው!» አላት። አልሰማችውም። «ሴትዮ፣ እንዳትጠጊው አልኩ!» አላት። በአጠገቡ አልፋው ሄደች፤ ከሽማግሌው ጎን ተንበረከከች። ጋሼ በደህናው ዓይናቸው አይተዋት አንድ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ ማንም አልሰማም፤ እሷ ብቻ ናት ከከንፈራቸው ያነበበችው። እሷም ጨርቅ የውሃ ባሊ ውስጥ ነክራ ፊታቸውን መጥረግ ጀመረች።

ትንፋሽ ወደ መዶሻ ዞረ። መዶሻ ሊነግረው ፈልጎ አፉን ከፈተ። ምን ብሎ ይንገረው? አባትህ አባቴን የገደለው ቢላ ስለመዘዘበት ነው ይበለው? ወይስ ይቅር በለኝ? እንደዚያ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመርም አላወቀበትም።

«በየትኛው እጅህ ነው የመታኸው?» አለ ትንፋሽ።

«በቀኙ።»

«አምጣው።»

መዶሻ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደ። ቀኝ እጁን፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ጠመኔ የተሰመረበት ጣውላ ላይ አስቀመጣት። በግራው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ሥጋ ቆራጩ ከበሩ «ኧረ ተው አንተ ልጅ!» አለ፤ ግን አልገባም። ትንፋሽ ያለቅስ ነበር። እያለቀሰ ካውያውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳው። መዶሻ እጁን አልሳበም።

በጫፉ ነው ያወረደበት። አጥንቱ ሲደቅ ከበር ውጭ ተሰማ። መዶሻ በዕድሜው ጮኾ የማያውቀውን ጩኸት ጮኸ፤ ማዶ ያሉት ሱቆች ባለቤቶች ወጥተው ወደዚህ ተመለከቱ፣ ቲቸርም ከመንገዱ ጫፍ ሰምታው ሐኪሙን ትታ መሮጥ ጀመረች። እትዬ ግን ጀርባዋን ለነሱ እንደሰጠች፣ ጨርቁን እየጨመቀች፣ የጋሼን ፊት መጥረጓን ቀጠለች።